ቆሞ የተገዛ ቁጥቋጦ

ጥቅምት 4

ገበያው ደህና። ሥር ቆፋሪው ሁለት ኬሻ የሳል ሥር አመጣ። ብርድ ሲገባ ከሱቄ እንደሱ የሚሸጥ መድኃኒት የለም። "እትዬ፣ ከኮረብታው ጠፍቷል፤ ዘንድሮ ጨምሪልኝ" አለ። ሳቅኩ። "ሞልቷል" የሚል አቅራቢ መቼ አይቼ አውቃለሁ? ትንሽ ጨመርኩለት። እየተነጫነጨ ሄደ።

ጥቅምት 6

ልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ተሰጥቷታል። አንድ ቁጥቋጦና አንድ አጥቢ እንስሳ ማወዳደር… ምደባቸውን፣ የመጥፋት አደጋቸውን። ከእንስሳ ድኩላን መረጠች፣ "ታሳዝነኛለች" ብላ። ከቁጥቋጦ የሳል ሥርን። "ሱቅሽን በነፃ ላስተዋውቅልሽ" አለችኝ። በአፏ እኔን ነው የወጣችው።

ጥቅምት 9

እራት ላይ አነበበችልኝ። ሁለቱም ሕያዋን ናቸው፤ ከዚያ አንዱ ወደ ዕፅዋት፣ አንዷ ወደ እንስሳት፣ መንገዳቸው ይለያያል። ድኩላ ዘመድ ሞልቷታል፤ ላምና ፍየል ሳይቀሩ ቤተሰቧ ናቸው። የሳል ሥር ግን በወገኑ ብቻውን ነው። እህት ወንድም የለው።

"እና ድኩላዋ ልታልቅ ነው?"

"አይ እማዬ፣ እሷ ለጊዜው አታሰጋም። ሊያልቅ ጫፍ የደረሰው ያንቺው ነው።"

ቆፋሪው እውነቱን ኖሯል?

ጥቅምት 10

ሱቅ ዋልኩ። ምን እንደሸጥኩ አላውቅም።

ጥቅምት 12

ቆፋሪውን "ውሰደኝ" አልኩት። ኮረብታው ጉድጓድ በጉድጓድ… ሥሩ ከወጣ ተክሉ የለም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት ያስፈልግ ነበር? አንዲት ድኩላ ቆማ አየችን፤ ቀስ ብላ ሄደች። ከአለቱ ጥግ አንድ የሳል ሥር ብቻ ቆሟል።

"ይሄን ለምን ተውከው?"

"ቀጭን ነዋ። አንቺ ቀጭን አትቀበዪም።"

ዘር የሚያፈራው ወፍራሙ ነበር። እሱን መርጬ ጨረስኩት።

"ከእንግዲህ ወፍራሙንም አልገዛም።"

"እንደፈቀድሽ። ጎረቤትሽ መድኃኒት ሻጩ ቀጭኑንም ይወስዳል።"

ጥቅምት 13

ጎረቤቴን አውቀዋለሁ። እንዳይገዛ ብለምነው ይስቅብኛል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ታዲያ ምን ቀረኝ? የማውቀው መግዛት ነው።

ጥቅምት 15

ከቆፋሪው ጋር ተመልሰን ወጣን። ቁጥቋጦውን ቆሞ ባለበት ገዛሁት። የጠራውን ዋጋ ሰጠሁት፣ አልተከራከርኩም። ደነገጠ። ከዚያ ዶማውን አነሳ።

"ተወው። እንዳለ ነው የገዛሁት። በየወሩ እመጣለሁ፤ ቆሞ ካገኘሁት እከፍልሃለሁ።"

"እትዬ… ደህና ነሽ?"

እቃ ገዝቼ ባዶ እጄን ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዞሬ አየሁት። ትንሽ ሄጄ ደግሞ ዞርኩ። ጎረቤቴ ነገ እጥፍ ቢሰጠውስ?