በባሕሩ ጠርዝ የተተወው ሣር

ጀማሌ፣

አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸን ወዲህ ትኩሱ ነፋስ ሀምሲን ሁለቴ ነፍሶ አለፈ። የመጀመሪያውን በለቅሶ አሳለፍኩት። የዘንድሮውን ግን ያንተ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። የሣር ማጨጃህን የምነዳው እኔ ነኝ። አሁን እየሳቅክብኝ ከሆነ ደግ አድርገሃል፤ የሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ የኖረች፣ ብስክሌት እንኳ ነድታ የማታውቅ ሚስትህ ማሽን ላይ ወጣች ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት እንደምታውቀው ነው፤ ሰው በሰው ላይ፣ ጩኸቱም እንዳለ። የቤታችን ቆርቆሮ በጓሮ በኩል በጨው ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቶ ነበር። ጓደኛህ ዋይስ፣ ያው የሆቴሉ ጥገና ሠራተኛ፣ አርብ ቀን መጥቶ ቀየረልኝ። ልጃችን ሂክማ ቁመቷ ከኔ በልጧል። ከኔ ጋር ስትጣላ ወደ ፈረንሳይኛ ትሸሻለች፤ እኔም እንዳልገባኝ አይታ በንዴት መልሳ በአማርኛ ትተረጉምልኛለች። ወንድምህ ከድሬዳዋ በአዲሱ ባቡር መጥቶ ጠየቀን። ስለ ባቡሩ ፍጥነት ሲያወራ አንተ ትዝ አልከኝ። አሮጌው ባቡር መንገድ ላይ ቆሞብን፣ አንተ ፉርጎው ውስጥ ለማያውቁህ ሰዎች ስለ ሞተር ስታስረዳ ያደርክበትን ጉዞ አስታወስኩ።

እንዴት ማሽኑ ላይ እንደወጣሁ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ማጨጃው ቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ። ሣሩ ግን ለማንም አላዘነም፤ የሚያጠጡትን የሆቴሉን የተጣራ ፍሳሽ እየጠጣ ጉልበት ድረስ አደገ። አዲሱ ዲሬክተር ወደብ ላይ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው አመጣ። ሰውዬው ሣሩን ሳያይ፣ ሳይዞርበት፣ ከሰዓት በኋላ በምርቃና ተነስቶ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ስለቱ ድንጋይ አግኝቶ ወረወረውና የእንግዳ መቀበያውን መስታወት አደቀቀው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሰውዬው ግን በዚያው ተሰናበተ።

እኔን ያንገበገበኝ መስታወቱ አልነበረም። አንተ ስትነዳ ልብስ መተኮሻው ክፍል ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጄ በካውያው ላይ ሆኖ ጆሮዬ አንተ ዘንድ ነበር። ሞተሩ ዝቅ ሲል ልትዞር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጸጥ ሲል ወርደህ ቅርንጫፍ ልታነሳ ነው፤ እንደገና ሲነሳ ትንፋሼ ይመለሳል። ይህን በሕይወት እያለህ አልነገርኩህም፣ እንዳትኮራብኝ ብዬ። ያ ሰውዬ ሲነዳው ማሽኑ እንደሚደበደብ ሰው ይጮህ ነበር፤ እኔም አንሶላ ላይ አለቅስ ነበር። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁና እኔ ልንዳው አልኩ። ዲሬክተሩ ዋይስን አየው። ዋይስም በሶማሊኛ አንድ ነገር አጉረመረመና «ሙሴ ዲሬክተር፣ ይህቺ ሴት ማሽኑን በጆሮዋ ታውቀዋለች» አለልኝ። የሙከራ ጊዜ ሰጡኝ። በልብስ ማጠቢያው የነበረኝን ቦታ ግን በዚያው ቀን ለሌላ ሰጡት። ሙከራው ካልተሳካ የሆቴሉን ሣር ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ይረከባል፤ እኔና ሂክማ ደግሞ መግቢያ አልነበረንም።

ማሽኑን የሚያውቀው ጆሮዬ ብቻ ነበር እንጂ እጄማ ምንም አያውቅም። ያ ማሽን መሪ የለውም። ሁለት ማንሻ ብቻ፤ ሁለቱንም ሲገፏቸው ይሄዳል፣ ሲስቧቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዱን ገፍተው አንዱን ሲስቡ ቆሞ በራሱ ላይ ይሽከረከራል። የመጀመሪያ ቀን ወደ በሩ ልሄድ ብዬ ሦስት ጊዜ ዞሬ መጋዘኑን አየሁት። መሬት ላይ የወደቀ ነገር ለማየት ከመቀመጫዬ ትንሽ ስነሳ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ አበላሸሁት ብዬ ዋይስን ተጣራሁ። ዋይስ ሳቁን እየዋጠ፣ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን ነገረኝ። የበፊቱ ሰውዬ ሞተሩን እንዲህ የሚያጠፋውን የወንበሩን ሽቦ ሊቆርጠው ፈልጎ እንደነበርና ዋይስ እንደከለከለው ያን ዕለት ሰማሁ።

ከዚያ አንተን ማስታወስ ጀመርኩ። ሐዘን ስላለብኝ ብቻ አልነበረም፤ ሥራው ስላስገደደኝም ነው። አንተ ምን ታደርግ ነበር እያልኩ ከእንቅልፌ እነሳለሁ። ፀሐይ ሳይበረታ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር በእግርህ ትዞረው ነበር አይደል? እኔም ሥራ ሳልገባ አብሬህ እዞር ነበር። የጫት ፌስታል ከአጥር ማዶ በንፋስ እየመጣ ሣሩን ይሞላዋል፤ አንተ አንድ ረድፍ፣ እኔ አንድ ረድፍ ይዘን እየለቀምን እናወራለን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሂክማ ጥርስ፣ ስለ እናትህ ጉልበት ያወራነው ሁሉ እዚያ ነው። ሌሎች ባልና ሚስት ማታ ያወራሉ፤ እኛ ፌስታል እየለቀምን ነበር የምንጫወተው። አሁንም እዞራለሁ። ረድፌን ጨርሼ ያንተን ረድፍ እይዛለሁ፤ አንዳንዴም ሳላስበው ብቻዬን አወራለሁ፤ ዘበኛውም ለምዶኛል።

ሂክማን ያስለቀስክበት ቀን ደግሞ አይረሳኝም። ትንሽ ልጅ ሆና ጭንህ ላይ ተቀምጣ መነዳት ፈለገች። የሆቴሉ እንግዶች ሁሉ ልጆቻቸውን እያስቀመጡ ፎቶ ማንሳት ይፈልጉ ነበርና፣ የገዛ አባቷ እምቢ ሲላት አንጀቷ ተቃጠለ። ከስለቱ በላይ ልጅ አይቀመጥም አልክ፤ አበቃ። እኔም ጨካኝ ነህ ብዬ ተቆጣሁህ። ሥራ ስትጨርስ ግን ማሽኑን መጋዘን አስገብተህ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ከተትክና ወንበሩ ላይ አስቀመጥካት። ማንሻዎቹን ይዛ በአፏ ሞተር እያስጮኸች እስክትጠግብ ነዳች። አንተም ከፊት ቆመህ «ቀስ በይ፣ ሰው አለ» ትላት ነበር።

አሁን የሚያስቀኝን ጥፋቴን ስማ። የልብስ አጣቢ ነገር፣ ማሽኑ ሣርና አቧራ ለብሶ ሳየው አላስቻለኝም። የውሃ ጎማውን ከቧንቧው ሰክቼ፣ ሳሙና አረፋ አድርጌ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ከላይ እስከ ታች አጠብኩት። እንደ ሙሽራ ነጭ አንሶላ አብረቀረቀ፤ እኔም ኮራሁበት። በነጋታው ቁልፉን ባዞር ባዞር ጭጭ። አንተ በብሩሽ ስትጠርግና በንፋስ ስትነፋ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካ የከተማችን ውሃ ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ለሽቦ አይመችም። ዋይስ ከወንበሩ ስር ያለውን ሽቦ ፈትቶ ጠራረገው፤ «ዋላል፣ እህቴ፣ ይሄ ፒጃማ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ውሃ አይቶ አያውቅም። ግማሹን ዋይስ አስተማረኝ፤ የቀረውን አንተን በማየት ለካ ተምሬው ኖሯል። ቤንዚን የምሞላው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ከስር የተጠቀለለ ሣር ላወጣ ስል ቁልፉን እነቅላለሁ፣ የካንዴላውንም ሽቦ እለያለሁ። የአየር ፊልትሮውን በየጊዜው አራግፋለሁ፣ ስለቱን የሚያዞረው ቺንጋ መላላቱን እዳስሳለሁ። ስለቱን ስትስል ቆይተህ መሃሉን በሚስማር አንጠልጥለህ፣ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ዓይንህን አጥብበህ ታይ ነበር። እኔም እንደዚያው አያለሁ፤ የሚያዘነብል ከሆነ የከበደውን ጎን እንደገና እሞርደዋለሁ። እጄ ላይ ያለው የግራሶ ሽታ ያንተ ሽታ ነው፤ ሂክማ አንድ ቀን እጄን ይዛ አሸተተችና ወጣች።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ነበር፤ የባሕሩ ጠርዝ ነገር። ታውቀዋለህ፣ ሣሩ ወደ ባሕሩ ሲጠጋ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከስሩ ግንቡ አለ፣ ከግንቡ በታች ድንጋይና ውሃ። አንተ ማሽኑን እዚያ አታደርስም። ቀጭን መስመር ትተህ ትመለስና፣ ማጭድ ይዘህ በጉልበትህ እየሄድክ ታጭደው ነበር። ያማረ ማሽን እያለህ ተንበርክከህ ስትዳክር የልብስ ማጠቢያ ሴቶች በመስኮት እያዩ «ፈሪው ሾፌር» ይሉሃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ትንሽ አፍርም ነበር። ስጠይቅህ «አቦ ተይኝ፣ ወገቤን ላፍታታበት» ነበር መልስህ።

ሰሞኑን እዚያው ሣር ላይ ትልቅ ሰርግ ተደገሰ። ሙከራዬ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነበር። ሐሙስ ቀን ዲሬክተሩ መጣና መስመሩን አሳየኝ። ሙሽሮቹ ባሕሩን ከኋላቸው አድርገው የሚቆሙት እዚያ ነው፤ በማሽን እስከ ግንቡ ድረስ ይታጨድ አለ። ነገ በእጅ አጭደዋለሁ አልኩ። ነገ አርብ ነው፣ ከጁምዓ በኋላ የሚሠራ የለም፣ አንድ ሴት ደግሞ ይህን ሁሉ አትጨርሰውም፣ ካልቻልሽ ለድርጅቱ ልደውል አለኝ። ሂክማ ትዝ አለችኝ፤ ትምህርት ቤቷ፣ ቤቱ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። ቀበቶዬን አሰርኩና ማንሻዎቹን ገፋሁ።

ውሃ ጠጥቶ ያደረ ሣር ነበር። ልክ ቁልቁለቱ ሲጀምር የማሽኑ ኋላ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ ሄደ። እኔ ወደ ላይ እገፋዋለሁ፣ እሱ ወደ ታች ይሄዳል። የፊት ጎማዎቹ እንደ ወንበር ጎማ ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ አይዙም። ማንሻዎቹን ለቅቄ ፍሬኑን ያዝኩት። ቆመ። ከስሬ ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ሰማሁት። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሥራው አልነበረም፤ ሂክማ ቤት ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ታየችኝ። ወዲያውም አንተ ታየኸኝ። በየሳምንቱ እዚህ ቦታ ስትደርስ ምን ታይ እንደነበር አወቅኩ። ቁልፉን አጥፍቼ በላይኛው በኩል ወረድኩ፤ ዋይስ በገመድ ስቦ አወጣው። ዲሬክተሩ ዘንድ ሄድኩና፣ ድርጅቱን ከፈለግክ ጥራው፣ እኔ እዚያ ማሽን አላወርድም አልኩት።

ማታውን ለሴቶቹ የነገራቸው ዋይስ ነው መሰለኝ። አርብ ጠዋት ማጭዴን ይዤ ብደርስ የልብስ ማጠቢያ ሴቶች በሙሉ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ገሚሱ ማጭድ፣ ገሚሱ የጨርቅ መቀስ ይዞ። ሂክማም ተነስታ ተከትላኝ መጥታ ነበር። በረድፍ ተንበረከክን። ከመካከላቸው ድሮ «ፈሪው ሾፌር» ስትል ድምጿ ከሁሉም ይጮህ የነበረችው፣ ቁልቁል ወደ ውሃው አየችና «ለካ ጀማል እውነቱን ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ለጁምዓ አዛን ሲባል ጨርሰን ነበር። ሰርጉ አለፈ፤ መስመሩ በምን እንደታጨደ የጠየቀ እንግዳም አልነበረም። ዲሬክተሩ በማግስቱ ጠርቶኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ እንዳየ ነገረኝና ቋሚ አደረገኝ፤ ጠርዙም ከእንግዲህ በእጅ ይሁን አለ።

ጀማሌ፣ አሁን ሂክማ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ በር ትመጣለች። ሞተሩ ጸጥ እስኪል ትቆማለች፤ ሲቆም አይታኝ ብቻ ትሄዳለች። የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እያወቁ መንዳት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር የነዳኸው፣ እኔም ሳላመሰግንህ ቀረሁ። እንግዲህ ነፍሴ እስካለች አልረሳህም፤ እጄ ማንሻውን በያዘ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ። ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ፈሪ ነበር እላለሁ። ለእኛ ይፈራ ነበር።

ሚስትህ ፋጡማ