አቶ ፋንታው ሙላቴ፣ የሙላቴ ሙዚቃ ቤት መሥራች (1954–2016 ዓ.ም.)

አቶ ፋንታው ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ ወርቄና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሬ ተገኘ፣ ከጋፋት አለፍ ብሎ ባለች መንደር፣ በ1954 ዓ.ም. በወርኃ ሰኔ፣ እርሻ በሚጣደፍበት ሰሞን ተወለዱ። እናታቸው «ሆዴ ውስጥም አልቀመጥ ብሎኝ ነበር» ይሉ ነበር። ከዚያም ወዲህ ሲቀመጡ ያየ የለም።

ፊደልና ዳዊት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ተማሩ። ወደ ደብረ ታቦር እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። በ1973 ዓ.ም. ወታደር ሆነው የሬዲዮ ሥራ ለመዱ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገቡ፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብም ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመሩ።

በ1985 ዓ.ም. በአባታቸው ስም ሙላቴ ሙዚቃ ቤትን ከፈቱ። በዚያ ጊዜ የአገራችንን ዘፈን በካሴት የሚያወጣው አዲስ አበባ ነበር። ዘፋኙ ሄዶ ደጅ ይጠናል፣ ድምፁ በኦርጋን ተውጦ ይመለሳል። አቶ ፋንታው ይኸን አልወደዱም። ቴፕና የባትሪ ድንጋይ ተሸክመው ዘፋኙ ካለበት ሄዱ። አባታቸው ግን «እኔ አርሼ በላሁ እንጂ ዘፍኜ አልበላሁም፤ ስሜን ከዚያ ሱቅ ላይ አውርድልኝ» አሏቸው። ስሙ አልወረደም። አባትየውም እስኪሞቱ በዚያ ሱቅ ደጃፍ አላለፉም።

መጀመሪያ የቀዱት ባለማሲንቆውን ሞላን ነው። ባዶ ክፍል አስገብተው ማይክሮፎን ፊት ቢያስቀምጡት «ለግድግዳ አልዘፍንም፤ ተቀበል የሚለኝ የት አለ?» ብሎ ተነሣ። አቶ ፋንታው ከጠጅ ቤት ሰው ጠርተው ክፍሉን ሞሉት። ግጥም ሰጪውም፣ ተሳዳቢውም፣ ብርሌ የሰበረውም አብሮ ተቀዳ። ካሴቱ የተወደደው በዚያ ነው። ሾፌሮች ወረታ፣ እብናት፣ ንፋስ መውጫ አደረሱት።

በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ገነት ሲሳይ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሴት ልጃቸውን እመቤትንና ወንድ ልጃቸውን አያሌውን አፈሩ። ወ/ሮ ገነት «ባሌን የፈለግሁ እንደሆነ መናኸሪያ እወርዳለሁ» ይሉ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የገሳይዋ ወ/ሮ አበበች አንድ ልጃቸው መልካሙ ጉና ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። በልቅሶው ላይ ስመ ጥሩዋ ሙሾ አውራጅ አሰለፈች አለቀሰችለት። አቶ ፋንታው ቴፑን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ቆመው ቀዱት። ያያቸው ሰው ነበር፤ ልቅሶ ላይ ግን ማን ይናገራል? ዝም መባላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት። ካሴቱ ሲወጣ ሙዚቃ ቤቱ ካወጣው ዘፈን ሁሉ በላይ ተፈለገ።

ወ/ሮ አበበች ገሳይ ገበያ ገብስ ይዘው ሲወጡ የልጃቸውን ስም ከቆመ አውቶቡስ ውስጥ ሰሙ። ሸክማቸውን ጥለው መንገድ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ተላከ። አቶ ፋንታው «አገር ሁሉ አለቀሰለት፤ ይኸ ክብር አይደለም ወይ?» ብለው ተከራከሩ። ወ/ሮ አበበች የመለሱት ይህንን ነው፦ «እኔ ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። አንተ በየመናኸሪያው ታወጣዋለህ።» ሽማግሌዎቹ የወጣው ካሴት አንድ ሳይቀር ተመልሶ እንዲቃጠል ፈረዱ። አቶ ፋንታውም ማሉ።

መሐላቸውን ጠበቁ። ከዓመት በላይ ከመኪና መኪና፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ዞሩ። አንዱን ለመመለስ ሁለት አዲስ ካሴት ይሰጡ ነበር። ሾፌሮቹ «የሸጠውን የሚለቅም ነጋዴ መጣ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሌሎቹ የተባዙበትን ዋናውን ካሴት በወ/ሮ አበበች ወንድም ፊት አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የቤቱን ሰው ሁሉ ሳይጠይቁ የማንንም ድምፅ አልቀዱም።

ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ። ልጃቸው እመቤት ከዓረብ አገር ስትመለስ «አባባ፣ ዘፈን እኮ በስልክ ሆኗል» አለቻቸው። በ2007 ዓ.ም. ሙዚቃ ቤቱ ተዘጋ፤ ሱቁ ስልክ መጠገኛ ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. ወ/ሮ አበበች፣ ዕድሜ ተጭኗቸው፣ ከገሳይ ወደዚያ ሱቅ መጡ። «ያቺ ካሴት አለችህ?» አሏቸው። አቶ ፋንታው መሐላቸውን ሊፈትኑ የመጡ መስሏቸው «እመይቴ፣ አንድ አልቀረችም፤ በመሐላዬ» አሉ። ወ/ሮ አበበች አለቀሱ። «የልጄ መልክ እየጠፋብኝ ነው። ፎቶ አልነበረው። ቁመቱን፣ አካሄዱን፣ ሳቁን በሙሾዋ ያለችው አሰለፈች ናት፤ እሷም ሞተች። እኔ ያን ቀን ምን ሰማሁ? ራሴን አላውቅም ነበር።»

አቶ ፋንታው በማግሥቱ ተነሡ። ካሴት ሲለቅሙ በዞሩበት መንገድ አንዲት የተረፈች ፍለጋ ዞሩ። ጡረታ የወጡ ሾፌሮችን ጠየቁ። ከአንድ ቤት ሽፋኑን ከነካሴቱ አገኙ፤ ውስጡ ግን ሠርግ ተቀድቶበት ነበር። እብናት ላይ አንዲት ባለጠጅ ቤት ሁለት ስንኝ አስታወሰች፦

«ከደጁ ሲወጣ ጎንበስ የሚል ለጋ፣
አሁን ግን ምን በላው ሌሊቱ ሳይነጋ።»

ይህንን ይዘው ገሳይ ሄዱ። ወ/ሮ አበበች «አዎ፣ ጎንበስ ይል ነበር። በሩ ያጥርበት ነበር» ብለው ፈገግ አሉ፤ ቀጥለውም «ቀጥሎስ?» አሉ። አቶ ፋንታው የያዙት ያንኑ ሁለት ስንኝ ብቻ ነበርና እንደገና ፍለጋ ወጡ።

ኩላሊታቸው በታመመ ጊዜ ሐኪም ዕረፍት አዘዘ። አላረፉም። መንገድ ሲዘጋ በእግር፣ እግር ሲያብጥ በስልክ ይፈልጉ ነበር። በተኙበትም አልጋ ሰው ሲጠይቃቸው «እናንተ ቤት የቆየ ካሴት አለ?» ይሉ ነበር። ሲታመሙ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ወ/ሮ አበበች ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። የሚፈለገው ካሴት ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ ሥዕል የለበትም፤ የአሰለፈች ስም በነጭ ተጽፎበታል። ያለው ሰው፣ ወይም ከሙሾው አንድ ስንኝ የሚያስታውስ ሰው፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ገብቶ ለእመቤት ይንገራት። ማጫወቻው ተጠግኗል። መሐላውን ያስማሉት ሽማግሌዎች ፈትተውታል፤ የሚፈራ አይኑር።

እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ በዚያ ዕረፍት ይስጣቸው።