እማዬ ሰምታሻለች

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ባለቤትሽ ሥራው በርትቶለታል ወይ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? ትልቁስ ትምህርቱን ለመደው? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን አንዲት ሰው ከመሃላችን ጎድላ ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

በስልክ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ያን ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስትይዢላት ሰምታኛለች ወይ?» ስትዪኝ ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልኩት። እሱም ስለ አየሩ ያወራሽ ጀመር። በስልክ ካልሆነልን ልጻፍልሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ልጅ ስለነበርሽ የማታስታውሺውንም ጨምሬ ልንገርሽ።

አባባ ሲሞት አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። አጎታችን የአባባን ፀጉር ቤት ላከራየው ብሎ ቁልፉን ሲጠይቃት፣ እማዬ እጇን ከቀሚሷ ኪስ ሳታወጣ «ለማንም አይከራይም፤ እኔ እሠራበታለሁ» አለችው። «ሴት የወንድ ጢም ስትላጭ የት አየሽ?» ቢላት፣ «ነገ መጥተህ እየኝ» አለችው። ልብ በዪ፣ እስከዚያ ቀን የቆረጠችው የኔንና የአባባን ፀጉር ብቻ ነበር።

በማግስቱ የአባባን ነጭ ጋወን በልኳ አሳጥራ፣ መስታወቱን ወልውላ በር ላይ ቆመች። ማን ይግባ! የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በመስኮት አጮልቆ ያያትና እርምጃውን ያፈጥናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንኑ መስታወት ደግማ ስትወለውል አገኛታለሁ። «ዛሬስ?» ስላት፣ «ዛሬም ፀጉራቸውን ወደውታል» ትለኛለች። ትስቃለች፤ እራት ላይ ግን ጠግቤያለሁ ብላ የሷን ድርሻ ለኔ ትገፋልኝ ነበር።

መጀመሪያ የደፈሩት ሥጋ ሻጩ ናቸው። ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነበርና የለመዱት ፀጉር ቤት ተዘግቶ ቢጨንቃቸው ገቡ። ወንበሩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጨብጠው ግትር አሉ። እማዬ ምላጩን እንደያዘች ጥቂት አየቻቸውና «ጋሼ፣ ኧረ ዘና ይበሉ! ላርድዎት እኮ አይደለም፤ እሱ የእርስዎ ሥራ ነው» አለቻቸው። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ። ሠርጉ ላይ ጉንጫቸውን እንግዳውን ሁሉ እያስነኩ ስለሷ ሲያወሩ ዋሉ። «እትዬ መቀስ» የሚለውንም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እኔንና አንቺን ያሳደገችን በዚያ ወንበር ነው።

አያት ስትሆንማ ሌላ ሰው ሆነች። ልጄን ፌንጣ ያለቻት ወንበሩ ላይ አልረጋ ብትላት ነው። «ካልተቀመጥሽ ጆሮሽን አንስቼ ማበጠሪያ ነው የምሰካልሽ» ስትላት፣ ፌንጣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ ጸጥ ትላለች። ያንቺን ልጅ በስልክ ስታየው ደግሞ «አዙሪልኝ እስቲ አናቱን! ይሄን በመቀስ ነው ወይስ በጥርስ ነው የቆረጡት?» ያለችሽን መቼም አትረሺውም። ስልኩ ሲዘጋ ግን «አናቱ ቁርጥ አባቴን፤ በእጄ ሳልነካው» ትለኝ ነበር።

እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም ሳይነግራት ምላጩን አጥባ አስቀመጠችው። ደንበኞቿ ግን እግራቸው አልቀረም። ጡረታ የወጣውን መምህር «ሌላ ጋ ሂድ አንተ ሰው» ብትለው፣ «እጅሽ እስኪያርፍ እጠብቃለሁ» ብሎ ጋዜጣውን ዘረጋ። እሱ ሲያነብላት፣ እሷ ስታርመው ይውሉ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስትደውዪ እማዬ ታማ አልጋ ላይ ነበረች፤ ዓይኗም ተከድኖ ነበር። «እማዬ፣ መኖሪያ ወረቀቱ ገደል ይግባ፣ ዛሬውኑ ተነስቼ እመጣለሁ» እያልሽ ስታለቅሺ እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማሽ ነበር። አልመለሰችልሽም። ቆይተሽ ዘጋሽው። ስልኩን ከጆሮዋ ሳነሳ ዓይኗን ገለጠች። «ዘጋችው?» አለችኝ። ደንግጬ «ሰምተሻት ነው እንዴ? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት። «ድምፄን ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትነሳለች። ወረቀቷ ሳያልቅ ከወጣች ማን መልሶ ያስገባታል? ልጆቿስ? ተኝታለች በያት» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንቅልፍ ወሰዳት ስል፣ «ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ ብርድ መትቷት ይሆናል። አንገቷን ትሸፍን» አለች።

እኔም እንዳዘዘችኝ ተኝታ ነበር አልኩሽ። አሁን ግን አልሰማችኝም እያልሽ ስትቃጠዪ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰምታሻለች፣ እህቴ። አንዲት ቃል አላመለጣትም።

የቀብሯ ዕለት ዝናብ ነበር። ወንዶቹ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ያየሁትን ልንገርሽ፤ የሁሉም ፀጉር ጆሯቸውን አልፎ ወርዷል። ከተኛች ጀምሮ ትነሳለች ብለው ሲጠብቋት አንዳቸውም ሌላ ፀጉር ቤት አልገቡም። «ይሄን ጫካ ተሸክማችሁ ነው የምትቀብሩኝ?» ስትላቸው ታየኝና በለቅሶዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። ፌንጣ አይታኝ ገባት፤ ተቃቅፈን ሳቅን፣ ደግሞም አለቀስን።

ፀጉር ቤቱ ለጊዜው ተዘግቷል፤ አንቺ ሳትኖሪበት ምንም አንወስንም። ወረቀትሽ ሲያልቅ ነይ። እስከዚያ ራስሽን አትግረፊ፤ ቅሪ ያለችሽ እሷ ናት።

ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጆቹን የሚጠብቁልሽን ጎረቤትሽንም አመስግኚልኝ። ባለቤቴ አይዞሽ ብሎሻል። ፌንጣ አክስቴ ናፍቃኛለች ትላለች። አጎታችንም ጉልበቱ ቢይዘውም ሰላም ብሎሻል።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የምጽፍልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዛሬም እጄ ለምዶ ጻፈው፤ ልሰርዘው አልፈለግኩም። እማዬም ሰላም ትልሻለች።

አክባሪሽ፣ ታላቅ እህትሽ
ከእማዬ ክፍል፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ