የእናትህ የደም ዓይነት

ሐዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልናታን፣
ጆሃንስበርግ

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ስልክ ለቁም ነገር አይሆንም ብዬ ጻፍኩ፤ ወረቀቱን እህትህ ሶልያና ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

እናትህ ሆስፒታል ተኝታለች። እንዳልነግርህ ቃል አስገብታኝ ነበር። ሆዷን ሲያማት ጨጓራ ነው እያለች ተልባ ስትጠጣ ከረመች፤ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ መጥቆሩንም ደበቀችን። እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ በራችን ላይ ደም አስታወከች።

ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ መንገዱን እንደዘጋው ዶክተር ሀሴት ነገረችኝ። መሄጃ ያጣው ደም በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ወጥሮ አፈነዳቸው። ዕድሜ ልኬን ቧንቧ ስሠራ ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። የተዘጋውን ክፈቱት አልኳት። ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት ቢሰጣት መድማቱ ሊብስ ይችላል፤ ባይሰጣት ደግሞ መርጋቱ ይቀጥላል አለች። እኔ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ዋናውን የውሃ መዝጊያ እዘጋለሁ። የሰው ዋናው አይዘጋም።

እናትህ ሰምታን ኖሮ፣ «የኤልናታን አባት፣ ሐኪሟን ሥራ አታስተምራት። አንተ የጠገንከው የኩሽና ቧንቧ እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል» አለችኝ። ውሸቷን ነው።

የፈነዱትን ሥሮች በጎማ አስረዋቸዋል። እንደገና ከደማች ግን ተጨማሪ ደም ያስፈልጋታል፤ ዓይነቱ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ በቀላሉ አይገኝም። ልስጥ ብዬ ሄጄ ክንዴን ዘረጋሁ። ነርሷ፣ «አባባ፣ ዕድሜዎ አልፏል፤ ዓይነቱም አይገጥምም» አለችኝ። ተከራከርኳት። እጅጌዬን ራሷ አወረደችልኝ።

ሰው ለምኜ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥቼ ለመንኩ። ብዙ ሰው መጣ፤ የገጠመው አልአዛር ብቻ ነበር። የእሱም በፈሰሰው ደሟ ምትክ ትናንት ተሰጥቷት አለቀ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለህ ደም ለግሰህ ስትመጣ፣ ዓይነትህ የእናትህ መሆኑን ነግረኸን ነበር። እህትህ በእኔ ወጥታለች። ከቤታችን አንተ ብቻ ነህ። ይህን የጻፍኩት እንድታውቀው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለህ፣ ከወጣህም ተመልሰህ እንደማትገባ አውቃለሁ። አትሂድ ያልኩህ ለዚህ ነበር፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ና አላልኩህም።

ስትደውልላት እያሳቅህ አጫውታት። ጌታ በሰው አገር ይከልልህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

አባትህ ወርቁ

የኩሽናውን ቧንቧ ትናንት አየሁት። ያንጠባጥባል። መፍቻውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ራሷ መጥታ እስክትሰድበኝ ይቆይ።