በቀጭን ቀለም የተሸፈነ ስም

ለምናፍቅሽ ለእህቴ ለታይሲያ፤ ሳሉ ተሻለሽ ወይ? እኔና እማማ በጤና አለን፤ የሌኒንግራድ ብርድ ግን ዘንድሮ አልለቀቀንም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በአክስት ግላፊራ እጅ ልኬዋለሁ።

ትናንት አስተማሪያችን የንባብ መጽሐፋችንን አስገለጡን። አባባ ስለ ጀልባዋ ለልጆች የጻፉት ታሪክ ጋ ስንደርስ «የደራሲውን ስም በቀለም አጥፉት» አሉ። የታሰረ ሰው ስም ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠፋው። በየዴስኩ ላለው ብልቃጥ ቀለም የምቀዳው የሳምንቱ ተረኛ እኔ ነበርኩ። አብሮኝ የሚማረው ፌድካ ብልቃጡን እያቀበለኝ «አንተ የደራሲ ልጅ፣ የራስህንም ስም አብረህ አጥፋው እንጂ!» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ለሁሉም የቀዳሁት በውኃ ያቀጠንኩትን ነበር፤ ገጹን ወደ መስኮት ሲያዞሩት የአባባ ስም ዛሬም ይነበባል።

እማማ በወሩ መጀመሪያ ለአባባ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ ይዛ እስር ቤት ሄዳ ነበር። ለእስረኞች ዕቃ በሚቀበሉበት መስኮት «እዚህ የለም» ብለው መለሱላት። «የመዝገብ ሠራተኛው አዲስ ነው፣ ተሳስቶ ነው» ትላለች። ትናንት ማታ ግን ካልሲውን ተርትራ በእኔ እግር ልክ መሥራት ጀመረች። ክሩን እኔ ጠቀለልኩላት።

አባባ በእጃቸው የፈረሙልሽን መጽሐፍ ደህና ቦታ አስቀምጪልን።

እቅፍ አድርጎ የሚስምሽ ወንድምሽ ግሌብ