ስለ ሁለቱ የበረራ ክበቦች

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ንጋቷ፣

ከናይሮቢ የላክሽው የአብራሪነት ፈቃድሽ ፎቶግራፍ ማክሰኞ ደረሰን። እጅሽን የያዘ አምላክ ክንፍሽንም ይያዝልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡ ቢከብድም ቡናው ጥሩ ይዟል።

በፈተናሽ ቀን ከማረፍሽ በፊት ሜዳውን አንዴ ዞርሽና ፈታኙ "ምን ትፈልጊያለሽ?" ሲልሽ "ከብት" ማለትሽን ስናነብ፣ አባትሽ "የኔ ልጅ ናት!" ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሲዞር እየሮጠ ከሚዛን ማረፊያ ላም ያባረረ ሰው ነዋ! ጎረቤታችን ዘይቱና "ጋሽ ይስሐቅ፣ ናይሮቢ ላም አባራሪ አጥታ እርስዎን ልትጠራ ነው" ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። "ሴት ልጅ ጅማ ድረስ ሄዳ ምን ልትማር ነው?" ያኔ ያሉን ሁሉ አሁን ፎቶግራፉን ሊያዩ እየመጡ ነው።

ልግባባቸው ብለሽ ከጻፍሽልን ሁለት የበረራ ክበቦች አባትሽ የመረጠው አሮጌው አውሮፕላን ያለበትን ነው። "ክንፉ ከላይ ነው፤ መሬቱን በደንብ ታያለች" ይላል። እኔ ስለ ክንፍ አላውቅም። የዚያ ክበብ ኃላፊ ነፋስ ሲበረታ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ተማሪ ይመልሳል ብለሽ አማርረሻል። እኔ ግን ያን ሰው ወደድኩት። እዚህ ደመና ተራራው ላይ ሲተኛ ሳያርፍ የሚመለሰውን አብራሪ "ፈሪ" እንለው ነበር፤ አሁን አንቺ ስትበሪ ገባኝ።

በሰላም ወጥተሽ በሰላም ውረጂ፤ የወለደሽ ማሕፀን ይመርቅሽ። የትኛው ክበብ እንደምትገቢ ጻፊልን። ምዝገባው የሚዘጋው መስከረም ሃያ ነው ብለሻል።

እናትሽ ውድነሽ