ቆሞ የሚያደምጥ ሕዝብ አይቆጠርም ስለመባሉ

ለተከበሩ ዶክተር አማንሲዮ ባራሆና፣
የዩኒቨርሲቲያችን ሬክተር
አንቲጓ፣ ጓቴማላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት የከተማ ዑደት ላይ የክርስቶስን ሐውልት ለተሸከመው ትከሻዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ።

እኔ ሊዮካዲዮ ሺካራ፣ በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ድርሰት የማስተምር፣ ዕድሜዬን ሁሉ ለዚያው ዑደት ባንዱ የሚጫወተውን የሐዘን ማርሽ ስደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮሚቴዎ «በሕዝብ ፊት የቀረበ አንድም ሥራ የለውም» ብሎ የፕሮፌሰርነት ማዕረጌን ስለነሳኝ፣ የድርሰት ክፍሉም ብቁ አስተማሪ የለውም ተብሎ በሚቀጥለው ወር እንዲዘጋ ስለተወሰነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ሥራ ቀረበ የሚባለው በአዳራሽ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ አድማጭ ሲሆን ብቻ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኙ፣ ሐውልቱ እስኪያልፍ ከማለዳ እስከ ማታ መንገድ ዳር የሚጠብቀው፣ ማርሹ ሲጀመር ባርኔጣውን የሚያወልቀው ሕዝብ አድማጭ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቆሞ ነበር።

ሁለተኛ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ዘንድሮ በስቅለት ዓርብ ጠዋት ክቡርነትዎ ሐምራዊ ቀሚስዎን ለብሰው፣ ተራዎ ደርሶ ከተሸካሚዎቹ መሐል በገቡበት የመንገድ ጥግ ላይ እኔም ቆሜ ነበር። ባንዱ ያን ጊዜ የተጫወተው እናቴ የሞተች ሰሞን የደረስኩትን ማርሽ ነው። ክቡርነትዎ አለቀሱ፤ ሁለት እጅዎ ሸክሙን ይዞ ስለነበር እንባዎን እንኳ መጥረግ አልቻሉም። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ ኦቲሊያ «ውይ ሰውዬው፣ አንጀቱ እንዴት ለስላሳ ነው! አንተንማ አይነካህም፣ አትስጋ» አለችኝ። ባለቤቴ ሰው በማወቅ እንዲህ ተሳስታ አታውቅም። ውሳኔውን የፈረሙት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው።

ሦስተኛውን እንደ ሌሎቹ በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ኒኮላሳ የምትባል ተማሪዬ የመሬት መንሸራተት ለወሰደባት ወንድሟ ማርሽ እየደረሰች ነው፤ ግማሽ ላይ ናት። ክፍሉ ሊዘጋ ነው ስላት «ታዲያ ፕሮፌሰር፣ እኔ ይሄን ከማን ጋር ልጨርሰው?» አለችኝ። ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁም። ማዕረጌን ይውሰዱት፣ ክፍሉን ግን ለልጆቹ ይተዉላቸው።

በየትኛውም አዳራሽ ያልቀረበ ጥልቅ አክብሮቴን በትሕትና እየገለጽኩ፣

አንድም ሥራ የሌለው
ሊዮካዲዮ ሺካራ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ወላጅ እናትዎ ዶኛ ፊሎሜና አስጠርተውኝ፣ ለሟች አባትዎ መታሰቢያ የሚሆን ማርሽ እንድደርስላቸውና በመጪው ዓመት ዑደቱ በበራቸው ሲያልፍ እንዲሰማ ለምነውኛል። «ከቤት መውጣት እንደሆነ አቅቶኛል ልጄ፤ ደጄ ላይ ቆሜ ልስማውና ልሙት» ነው ያሉኝ። ማርሹ ተደርሷል። ቆመው የሰሙት እንደማይቆጠር ግን እኔ ልነግራቸው አልጨክንም፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሯቸው።